«ቢሆንስ?» ብሎ የፖለቲካ ልቦለድ መጻፍ፦ ከአንድ ደንብ እስከ ወረዳው መስኮት

ስለ ነገዋ አገር ልቦለድ ልጻፍ ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። ጨካኝ መሪ አለ። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ጠባቂዎች አሉ። ከተማው ላይ ድሮን ይዞራል፤ አንድ ጀግና ወጣትም ከተፍ ይላል። ሃያኛው ገጽ ላይ ጸሐፊው ራሱ ይሰለቻል። ምን ያድርግ? ያንን ሁሉ ያየው ፊልም ላይ ነው። ቤተ መንግሥት ገብቶ አያውቅም።

ወረዳ ግን ገብቶ ያውቃል። ተሰልፏል፤ ፎቶ ኮፒ ጎድሎታል ተብሎ ተመልሷል፤ «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ተብሏል። እዚህ የማሳያችሁ የአጻጻፍ ዘዴ የሚነሳው ከዚያ ነው። አንድ ደንብ ብቻ ትቀይራላችሁ። ከዚያ ደንቡ ሰው ላይ የሚያርፍበት መስኮት ፊት ትቆሙና የሚሆነውን ትጽፋላችሁ። ነገሩ በእጅ እንዲጨበጥ አንድ የልቦለድ ሐሳብ ከባዶ ተነስተን እናበጃለን። የወደደው ይውሰደው።

«እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር አይጻፍም» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም» ብሎ ያሳተመው ልቦለድ ባለታሪኩ ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ መወለድን እምቢ የሚል ልጅ ነው። መንግሥት መጽሐፉን አገደው። አማርኛ ይህን መንገድ ካወቀው ስልሳ ዓመት አልፎታል።

1. ደንቡን ፈልጉ

ሐሳብ ከዜና አትፈልጉ። የዛሬ ዜና መጽሐፉ ሳያልቅ ይረሳል። ሐሳብ የሚገኘው ቅጽ ላይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ይወጣል፤ ለልቦለድ ጸሐፊ ከብዙ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማል። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ገብታችሁ የድሮ «አዲስ ዘመን» ብታገላብጡ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ ሥልጣን በየዘመኑ እንዴት ያወራ እንደነበር። ማን «ምስጋና ይገባዋል» ይባል ነበር? ማን «ተወግዷል» ይባል ነበር?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ እስከ 6 ወር ይቆያል። ከዚያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል። ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ግን ጣሪያ አልተጻፈለትም። ጠበቃ ይህን ሲያነብ ይከራከርበታል። ልቦለድ ጸሐፊ ካልኩሌተር ያወጣል፦ 88 ጊዜ ቢታደስ 29 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል። ያለ አስቸኳይ ጊዜ አንድ ቀን ኖሮ የማያውቅ፣ ሰላሳ ሊሞላው የተቃረበ ጎልማሳ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይኸው መጽሐፍ።

ለመጀመሪያ ሥራ ግን ቀለል ያለ፣ ትንሽም የሚያስቅ ደንብ እመርጣለሁ። ስለዚህ ጳጉሜን እንውሰድ። ወር ደሞዝተኛ ሁሉ ደሞዝ የሌለባት ወር ብሎ ይቀልድባታል። ቀልዱን አንድ እርምጃ ወደፊት እንግፋው። አገሪቱ ልደት፣ ጋብቻ፣ ምርጫ፣ ጡረታ፣ ሁሉንም በአንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ታስገባለች። ሶፍትዌሩ ከውጭ የተገዛ ነው። የወር ሳጥኑ ከ1 እስከ 12 ብቻ ይቀበላል። ጳጉሜ የተወለደ ሰው የልደት ቀን የለውም። የልደት ቀን የሌለው ሰው ዕድሜው አይቆጠርም። 18 ስለማይሞላው አይመርጥም፤ አያገባም። 60ም አይሞላውም፤ ጡረታ የለ።

አልቋል። ሌላ ነገር አትጨምሩ። የሚያስቡ ሮቦቶች፣ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት፣ የደረቀ ዓባይ ለሌላ መጽሐፍ ይቆዩ። አንባቢ አንድ ውሸት በደስታ ይቀበላችኋል። ሁለተኛው ላይ ቅር ይለዋል፤ ሦስተኛው ላይ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

2. ደንቡ ማንን እንደሚነካ ደግማችሁ እዩ

ይህን ደረጃ እኛ አገር የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም። አማርኛ አንባቢ የገጸ ባሕሪ ስም ባየ ቁጥር ይቆጥራል። ከየት ነው? ሃይማኖቱ ምንድን ነው? ክፉው ከነማን ወገን ሆነ? በሁለተኛው ምዕራፍ አንባቢው የራሱን ጎራ ይዞ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ለሱ ማስረጃ ነው፤ ልቦለድ መሆኑ ቀርቷል።

ጳጉሜን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ጳጉሜ የሚወለድ ብሔር የለም። ጳጉሜ የሚወለድ ሃይማኖትም ፓርቲም የለም። ደንቡ በየቤቱ ገብቶ አንዱን ልጅ ይወስዳል፤ ወንድሙን ይተዋል። ስለዚህ አንባቢው «የኛ ናቸው ወይስ የነሱ?» ሊል አይችልም። ስለ መገለል ያለ ጎራው ለማሰብ ይገደዳል። እናንተ የምታገኙት ደንብም ይህን ማድረግ ከቻለ ያዙት። ካልቻለ፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ሌላ ፈልጉ። ጨከንኩ መሰለኝ፤ ግን ስንት ጥሩ ሐሳብ በዚህ ምክንያት ሲበላሽ ይታያል።

የሐሰት አገር መፍጠርም መፍትሔ አይደለም። የአገሩን ስም ገልብጦ መጻፍ፣ ዋና ከተማውን «ሸገራ» ማለት ማንንም አያታልልም። መገናኛን መገናኛ በሉት። ሳሪስንም ሳሪስ።

3. ሒሳቡን ሥሩ

ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ትሆናለች። ልደት በዓመቱ ቀናት እኩል ቢከፋፈል ከ70 ሰው አንዱ ገደማ የጳጉሜ ልጅ ነው ማለት ነው። ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን። ቁጥሩ ሲታወቅ ታሪኩ መልክ ይይዛል። በአንድ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ ልጅ አለ። በአንድ ሞልቶ በተረፈ አንበሳ አውቶቡስ አንድ ሰው። ሁሉም ሰው አንድ የጳጉሜ ልጅ ያውቃል፤ ግን ሰልፍ የሚወጡበት ብዛት የላቸውም።

ቀጥሎ ዓመቱን ምረጡ። 2063 ዓ.ም. እንበል። ባሕረ ሐሳብ ስለምንችል የወደፊት በዓል መገመት አያስፈልገንም፤ እናሰላለን። በ2063 መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነው፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 16 ይገባል። ስለዚህ በመጋቢት 2063 አንድ ዲያቆን ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ብትጽፉ የሚይዛችሁ አንባቢ አይጠፋም። 2063 ራሱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜው 6 ቀን አለው። ለእኛ ታሪክ ይህ ሲሳይ ነው፤ አንድ ትርፍ የማይቆጠር ቀን ተገኘ።

አሁን ዕድሜ። በጳጉሜ 3 ቀን 2063፣ በሩፋኤል ዕለት፣ 60 የሚሞላት ሴት የተወለደችው በ2003 ነው። ቆም ብላችሁ አስቡ። ይቺ ሴት ዛሬ ተማሪ ናት። ነጠላ ያጣፉ ባልቴት አድርጋችሁ «እማማ አሰለፈች» ካላችኋት ተሳስታችኋል። እማማ ሶሊያና ናቸው። እማማ ቢታንያ። ልጅ ሆነው ቲክቶክ ላይ ጨፍረዋል። ሲተክዙ የሚያንጎራጉሩት ዛሬ ታክሲ ውስጥ የሚጮኸውን ዘፈን ነው። ሲናደዱም የዛሬን የአራዳ ቋንቋ ይናገራሉ፤ የዚያን ጊዜ ወጣቶች ደግሞ አይገባቸውም። ስለ መጪው ዘመን የሚጽፍ ሰው አዲስ መሣሪያ ለመፍጠር ሌሊቱን ያድራል፤ ሽማግሌዎቹን ግን ከአያቱ ዘመን ያመጣቸዋል። ይህን አስተካክሉ፤ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ።

4. መስኮቱ ፊት ቁሙ

የመጀመሪያው ምዕራፍ ረቂቅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ዘመን መንግሥት ሕዝቡን በኮምፒውተር ይቆጣጠር ነበር፤ ጳጉሜ የተወለዱ ዜጎች መብታቸው ተገፍፎ...»። ሰርዙት። በቦታው አንድ መስኮት፣ አንዲት ሠራተኛ፣ አንዲት ባለጉዳይ አስቀምጡ።

«ወር?» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ጳጉሜ።»

«እሱን አይቀበልም፣ እማማ። ነሐሴ ልበልልዎት?»

«በሐሰት ማስመዝገብ ያስቀጣል ብላችሁ ለጥፋችኋል እኮ።» እማማ ሶሊያና ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጫቸው አመለከቱ።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። የለጠፈችው ራሷ ናት። ማስቲሹ አሁንም ጠረጴዛዋ ላይ አለ።

«እሺ መስከረምስ?»

«መስከረም ካልሽው ዓመቱም ይቀየራል። ጡረታዬ ለከርሞ ሊሄድ ነው?»

«ታዲያ ምን ላርግልዎት እማማ? እኔ እኮ ልረዳዎት ነው።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው እንዴ?»

ልጅቷ አባባሉን አላወቀችውም። ፈገግ አለችላቸውና ከኋላቸው ያለውን ሰው ጠራች።

እዚህ ውስጥ መንግሥት የሚል ቃል የለም። ክፉ ሰውም የለም። ልጅቷ የምሯን ልትረዳ ፈልጋለች፤ ያላት መርጃ ውሸት ብቻ ነው፤ ውሸቱ ደግሞ ያስቀጣል። ፍርሃቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ማስቲሹን የጨመርኩት ወረቀቱ ከሰማይ እንዳልወረደ አንባቢው እንዲያይ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ዕቃ በየትዕይንቱ ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ የዕቃ ቆጠራ ይሆናል።

አንቱታውን ተመልከቱ። ልጅቷ እማማ ትላለች፤ እሳቸው አንቺ ይሏታል። ሥርዓቱ ሴትየዋን ከመዝገብ ሰርዟል፤ የቋንቋው አክብሮት ግን እንዳለ ነው። በአማርኛ ጭቆና ብዙ ጊዜ በአንቱታ ነው የሚመጣው። የውጭ ልቦለድ ተርጉመው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዕድል ያባክኑታል፤ ሹሙን «አንተ ውሻ!» እያስባሉ ያስጮኹታል። እውነተኛው ሹም «ክቡርነትዎ ይታገሡን» ነው የሚለው።

5. ደንቡን ገበያ ውስጥ ልቀቁት

አሁን አንድ ሳምንት አትጻፉ። ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ደንብ ካለ ሰው ምን ያደርጋል? ሰው ዝም ብሎ አይበደልም፤ መላ ይፈልጋል።

ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምን ትላለች? «በኦፕሬሽን አውጡልኝ።» ሆስፒታሎች ከነሐሴ 25 ጀምሮ አልጋ ያጣሉ። ያላት በግል ትወልዳለች፤ የሌላት ጳጉሜን ትወልዳለች። ልብ በሉ፣ ደንቡ አሁን መደብ ለየ። ደላላ ይመጣል፤ የሞተ ሰው ልደት ይሸጣል። ጳጉሜ ላይ የተፈረመ ውል ሥርዓቱ ውስጥ ስለማይገባ በእነዚያ ቀናት የተበደረ ሰው ብድሩን ሊክድ ይችላል፤ ስለዚህ በአምስቱ ቀን ማንም ለማንም አያበድርም። ወይም ደግሞ ተንኮለኛው ያን ጊዜ ብቻ ይበደራል። ልጆቹ ግን እንደ ወትሮው በሩፋኤል ዝናብ እየጨፈሩ ይታጠባሉ። ይህን የመጨረሻውን አትርሱት። የሰው ደስታ የሌለበት የነገ ዓለም አይታመንም።

ከራሳችሁ የፈለቀ የመሰላችሁን ግፍ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ፈልጉት። ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ዝነኛ ልቦለዷ የሰው ልጅ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ዘመን ያላደረገውን ነገር ላለማስገባት ወስና ነበር። ጠቃሚ ገደብ ነው። እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቀበሌ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድ፣ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ፣ ከከተማ መውጫ የይለፍ ወረቀት፤ ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አለ። ቡና አፍልታችሁ ጠይቁ። «ስኳር ስንት ኪሎ ይደርሳችሁ ነበር? ካርዱን ማን ነበር የሚይዘው? ሲጠፋስ?» ስለ ሥርዓቱ ከጠየቃችሁ የሬዲዮ ንግግር ይነግሯችኋል። ስለ ካርዱ ከጠየቃችሁ ሕይወታቸውን።

6. ሹሙ የሚያሳምን ምክንያት ይኑረው

ስህተቱ የሶፍትዌር ነው። ታዲያ ለምን አይታረምም? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ፖለቲካ የሚሆነው። የሚኒስትሩን ማስታወሻ ራሳችሁ ጻፉ፤ ልቦለዱ ውስጥ ባይገባም ጻፉት። እንዲህ ያለ ነገር፦

«ችግሩ የሚመለከተው አነስተኛ ቁጥር ያለውን ኅብረተሰብ በመሆኑ፣ ማስተካከያው ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጉዳዩ በልዩ ሁኔታ እየታየ በልዩ ፈቃድ እንዲስተናገድ ታምኖበታል።»

«በልዩ ፈቃድ» የምትለዋ ናት መጽሐፉ። መጀመሪያ ስህተት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ፈቃድ ሆነ፤ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው መጣ፤ ፈቃድ የሚያገኘው ጨዋው ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ጥቅምት የተወለደ አንድ ጋዜጠኛ ጠዋት ተነስቶ መዝገቡን ሲያይ የጳጉሜ ልጅ ሆኗል። ሦስት ክፍል፦ ስህተት፣ ፈቃድ፣ ቅጣት። ከዚህ በላይ የሴራ ንድፍ አያስፈልግም።

ሚኒስትሩ ሞኝ ወይም ሰይጣን ከሆነ አንባቢው ይዝናናል፤ አይደነግጥም። ማስታወሻውን አንብባችሁ «እኔም ብሆን እፈርም ነበር» ካላችሁ ሹሙ ሰው ሆኗል።

7. የዕለት ኑሮን አስተካክሉ

ከመጽሐፍ ሽያጭ ብቻ የሚኖር ደራሲ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራችሁን አትልቀቁ። በቀን 300 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን ከጻፋችሁ በዓመት 78,000 ቃል ይሆናል፤ ወፍራም ልቦለድ ነው። ጠዋት ቤቱ ሳይነሳ ይሻላል፤ ማታ መብራትም ጉልበትም አይታመንም። ረቂቁን በየቀኑ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽ ይበላሻል።

ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ሰው እርስ በርሱ የሚያወራውን ስሙ። ለዚህ ዓይነት ልቦለድ ሰልፍ የሥራ ሰዓት ነው።

መጻፍ በጀመራችሁ በዓመቱ ዜናው መጽሐፋችሁን የሚመስል ቀን ይመጣል። ያኔ ታሪኩን ለማደስ አትሩጡ። ዜናውን የሚያሳድድ ልቦለድ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይወጣል።

እያንዳንዱን ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የኛ አንባቢ መጽሐፍን በጆሮውም ለምዷል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያወቀው ሰው ብዙ ነው። አፍ ላይ የሚሰናከል ዓረፍተ ነገር ገጽ ላይም ይሰናከላል።

8. ከመታተሙ በፊት

ሕጉን በአጭሩ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥበብ ሥራን ከጥላቻ ንግግር ትርጉም ውጭ ያደርጋል። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ግን ረቂቁን ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ የኔን አንድ አንቀጽ ይዛችሁ አይደለም። ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ወጪ ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ ስለዚህ የወረቀት ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መጽሐፉን አሳጥሩት።

ሕግ የማያድንበት ጊዜም አለ። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1986 እ.ኤ.አ. «ማቲጋሪ»ን በኪኩዩ ቋንቋ አሳተመ። ባለታሪኩ አገር ለአገር እየዞረ እውነትና ፍትሕ የት እንዳሉ የሚጠይቅ ሰው ነው። ገበሬው ስለ ማቲጋሪ ሲያወራ የፕሬዚዳንት ሞይ መንግሥት ሰማ፤ ማቲጋሪ የሚባለው ሰው እንዲያዝ ታዘዘ። የልቦለድ ገጸ ባሕሪ መሆኑ ሲታወቅ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ። ያ ለንጉጊ ትልቅ ሙገሳ ነው። ለሚኒስትራችሁ ግን እንዲህ ያለ ነገር አትመኙ። ገጸ ባሕሪያችሁ ራሱን ችሎ ከተፈለገ ጥሩ፤ በእሱ በኩል አንድ በሕይወት ያለ ሹም ከተፈለገ ግን የጻፋችሁት ሐሜት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ረቂቅ ለአራት ሰው ስጡ። አንዱ ወረዳ የሠራ ይሁን። አራቱም በፖለቲካ የማይስማሙ ይሁኑ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ይመረጣል። «ወደዳችሁት?» አትበሉ፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «የት ገጽ ላይ አላመናችሁም?» በሉ። ከዚያ «ሚኒስትሩ ማን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። አራቱም አንድ ስም ከጠሩ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ተመለሱ። አራት የተለያየ ስም ከጠሩ ወደ ማተሚያ ቤት ሂዱ።